የጉና ጣትና የይፋግ ጣት

እስቲ አንድ ጊዜ አውራ ጣታችሁን ተመልከቱት። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ። እኔ ጣት ሳይ የከረምኩ ሰው ነኝ። ሰው ሲጨብጠኝ ፊቱን ትቼ እጁን የማገላብጥ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ የሐዘንተኛውን አውራ ጣት የምሰልል፣ ባለቤቴ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ ቆሜ «እስቲ አሳይኝ» የምል ሰው ሆኜ ነበር። መጀመሪያ ላይ የፍቅር መስሏት ፈገግ አለች። ኋላ ግን ጣቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቼ «ያንቺ ጥሩ ነው፤ መስመሩ አልጠፋም» ስላት እጇን ነጥቃ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሰው የሚስቱን ዓይን ያያል» አለች። «ያንተ ግን ለይቶለታል።»

ለይቶልኝም ነበር። እንዴት እንደለየልኝ ልንገራችሁ።

ደብረ ታቦር ውስጥ ባለ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። «ባለሙያ» የሚለው ቃል አያስደንግጣችሁ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ የምጠራው እኔ ነኝ። የሰው ስልክ ቻርጅ አላደርግ ሲል የምጠራው እኔ ነኝ። የሥራ አስኪያጃችን የግድግዳ ሰዓት የቆመ ጊዜም የተጠራሁት እኔ ነኝ፤ ባትሪ ቀየርኩላቸውና «የተማረ ይግደለኝ» ተባልኩ። እንዲህ ተከብሬ ስኖር ነው የጣት አሻራ የሚባለው ነገር የመጣብኝ።

ዩኒየናችን ማዳበሪያ የሚያከፋፍለው በጣት አሻራ ይሁን ተባለ። ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል። ገበሬው መጋዘኑ በር ላይ ይመጣል፤ የሳሙና ማስቀመጫ ከምታክል መሣሪያ ላይ አውራ ጣቱን ያሳርፋል፤ መሣሪያዋ አረንጓዴ ታበራለች፤ ስሙ ኮምፒውተሩ ላይ ይወጣል፤ ደረሰኙ ይታተማል፤ ሰውየው ማዳበሪያውን ጭኖ ይሄዳል። የሌላ ሰው ድርሻ ልውሰድ የሚል አጭበርባሪ ደግሞ ቀይ መብራት አይቶ ይመለሳል።

ይፋግ ላይ ልክ እንደታሰበው ሆነ። ይፋግ ሞቃት ነው፤ የሰው እጅ ላብ ቢጤ አያጣውም፤ መሣሪያዋ ገና ጣቱን ስታይ አረንጓዴ ትላለች። ጉና ላይ ግን ሌላ ነገር ገጠመን። የጉና ሰው ጣት በብርድ የተሰነጠቀ፣ ድንች ሲቆፍርና ገብስ ሲያጭድ የተላገ፣ በገመድና በድንጋይ የተሞረደ ነው። መሣሪያዋ እሱን ስታይ ቀይ። ያብሱታል፤ ቀይ። እፍ ይሉበታል፤ ቀይ። አንድ ሸበቶ ገበሬ መብራቷን አተኩረው ካዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«እሱ አይደለም እያለች ነው?»

«እንደዚያ ነገር ነው አባቴ።»

«ታዲያ እኔ ማን ነኝ?»

የተማርኩበት ኮሌጅ ውስጥ ይህን የሚመልስ ትምህርት አልተሰጠም።

ቀልዱ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ባለፈው ዓመት የጉና ገበሬዎች ባዶ በቅሎ እየነዱ ተመለሱ። ወደ ወረቀት እንመለስ ተብሎ እስኪወሰን የዘር ጊዜ አለፈ፤ ብዙ ሰው ያለ ማዳበሪያ ዘራ፤ ገብሱም አንገቱን ደፍቶ፣ ቀጥኖ፣ የሚያሳዝን ሆኖ በቀለ። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር ማሳው የሚወቅሰኝ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ዘንድሮ ክረምቱ ሳይገባ ነገሩ መስተካከል ነበረበት።

የተበላሸው ደግሞ መሣሪያዋ አልነበረችም። መሣሪያዋና ኮምፒውተሩ በቀጥታ አይግባቡም፤ በመካከላቸው ቆሞ የሚያስተረጉም ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ ድራይቨር ይባላል። እሱ ነበር የጉናን ጣት ማንበብ ያቃተው። ፕሮግራሙን የሚሠራልን አዲስ አበባ ያለ ሄኖክ የሚባል ወጣት ነው። አስተካክሎ ላከልን፤ ከፍተሻ ዕቅዱ ጋር። የእኔ ሥራ ዕቅዱን መመርመር፣ አዲሱ ድራይቨር የቱን አስተካክሎ የቱን ሊያበላሽ እንደሚችል ማየት፣ ከዚያም መፈረም ነበር። ፈርሜ ብገላገል ኖሮ ይህን ሁሉ ባልነገርኳችሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ለአስተዳደር ክፍሉ መናገሬ ነው። «ድራይቨሩ ተስተካክሏል፤ ነገር ግን ሳይፈተሽ ሥራ ላይ እንዳይውል» አልኩ። እንዲህ ብዬ ምሳ በልቼ ስመለስ ቢሮዬ በር ላይ የዩኒየኑ ሾፌር ጋሽ መልካሙ ቆመው ጠበቁኝ። ጋሽ መልካሙ ፒካፗን እንደ ልጃቸው የሚያዩ፣ ጭቃ ላይ ሲነዱ እንኳ የሚያባብሏት ሰው ናቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

«አንተ ልጅ፣ ምን በደልኩህ?» አሉኝ።

«ምነው ጋሽ መልካሙ?»

«ሳልፈተሽ ሥራ ላይ እንዳልውል ያስባልከኝ ምን አይተህብኝ ነው? ጋይንት ስወጣ፣ እብናት ስወርድ ዶሮ እንኳ ገጭቼ አውቃለሁ?»

«እርስዎን አይደለም! የኮምፒውተሩን ድራይቨር ነው ያልኩት።»

«ኮምፒውተሩ ሾፌር አለው?»

«አለው።»

ትንሽ አሰቡና «መንጃ ፈቃድ አለው?» አሉ።

እንዲህ ነው እንዲያ ነው ብዬ አስረዳሁ። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። በመጨረሻ «ለማንኛውም የሱ ጥፋት በኔ ተላክኳል፤ አስተዳደር የመኪናውን ቁልፍ ተቀብሎኛል» አሉ። እውነትም ተቀብሏቸዋል። ፒካፗ ቆማ፣ ለጋሳይ መጋዘን የሚሄደው ዕቃ ግቢ ውስጥ ተከምሮ፣ እኔ ከቢሮ ቢሮ እየዞርኩ «ሰው አይደለም፣ ፕሮግራም ነው» ስል ዋልኩ። የአስተዳደሩ ኃላፊ ቁልፉን ሲመልሱ እንኳ ልባቸው አላመነም። «ግን ፕሮግራሙ ምን ሆኖ ነው ፀባዩን ያበላሸው?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህ ካለፈ በኋላ የሄኖክን የፍተሻ ዕቅድ ከፈትኩ። የመጀመሪያው ፍተሻ «ተጠቃሚው ንጹሕና ደረቅ ጣቱን ያሳርፋል፤ ውጤት፦ ተሳክቷል» ይላል። ሁለተኛውም ንጹሕ፣ ደረቅ፣ ተሳክቷል። ሦስተኛውም። ዝቅ አልኩ፤ ተሳክቷል። ገጽ ገለጥኩ፤ ተሳክቷል። እንዲህ የተሳካ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ስልክ ደወልኩ።

«ሄኖክ፣ ይሄ የማን ጣት ነው?»

«የኔ ነው።»

«ሁሉም?»

«አይ፣ የመጨረሻዎቹ የፍቅረኛዬ ናቸው። የተለያየ ጣት ያስፈልጋል ብዬ።»

«ገበሬ ናት?»

«ጥፍር ቤት ነው የምትሠራው።»

ስልኩን ከጆሮዬ አርቄ ጣሪያውን አየሁ። ለጉና ገበሬ የተሠራ ማስተካከያ ቀኑን ሙሉ ቅባት ውስጥ በሚውል ጣት ተፈትኖ አልፏል። ለነገሩ የሷ ጣት ባያልፍ ነበር የሚገርመኝ።

«እሺ፣ የድሮውስ?» አልኩት። «ይፋግ ላይ ያለ ችግር ሲነበብ የነበረው በአዲሱ እንዳይበላሽ አይተኸዋል?»

«እሱ ደግሞ ምን ይሆናል?»

በእኛ ሙያ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ንግግር የለም። «እሱ ምን ይሆናል» ተብሎ ያልሆነ ነገር እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በዕቅዱ ላይ የጎደለውን ሁሉ ጻፍኩ፦ የተሰነጠቀ ጣት፣ የቀዘቀዘ ጣት፣ የይፋግ ጣት፣ ያልተመዘገበ ሰው ጣት፣ ደረሰኝ ማተሚያው አብሮ ሲሠራ። ይህ ሁሉ ሳይታይ አልፈርምም ብዬ ላክሁ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዩኒየኑ ውስጥ ወዳጅ አጣሁ። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደምሴ አስጠሩኝ። መስኮታቸው ወደ ጉና በኩል ያያል፤ ጉና ደግሞ ዳመና መከናነብ ጀምሯል።

«አንድ ፊርማ ነው የተጠየቅኸው» አሉኝ። «ዝናቡ አንተን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ይመስልሃል?»

«ሳይፈተሽ ብናስገባው ያምናውን እንደግማለን።»

«የተቸገረው ጉና ነው። ይፋግን ምን አመጣው?»

እንዴት ብዬ ላስረዳቸው? «ጋቢው አጭር ነው እንበል» አልኩ። «እግርዎን ላልብስ ብለው ወደ ታች ሲስቡት ትከሻዎ እንዳይራቆት ማየት ነው። ጉና እግር ነው፤ ይፋግ ትከሻ ነው።»

አቶ ደምሴ በጣም አሰቡበት። የገባቸው መስሎኝ ደስ አለኝ።

«ታዲያ ለምን ረዘም ያለ ጋቢ አይገዛም?» አሉ።

የማስረዳቱ ነገር እንደማያዋጣ ሲገባኝ ላሳያቸው ወሰንኩ። በማግስቱ አዲሱን ድራይቨር አንድ ትርፍ ላፕቶፕ ላይ ጭኜ በዩኒየኑ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጋሁና ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «ጣትዎን» አልኩ። ከመንገዱ ማዶ የልብስ ስፌት ቤት ያላቸው ጋሽ አህመድ ለሱሪዬ ልኬት ሲፈልጉኝ መጡና እሳቸውም ተያዙ። የጋሽ አህመድ ጣት መርፌ የኖረበት ነው፤ ለፈተና ይሆናል ብዬ ነው። ደግሞም ነጋዴ እንጂ የዩኒየኑ አባል ስላልሆኑ መሣሪያዋ ቀይ ማብራት አለባት።

አረንጓዴ አበራች። ኮምፒውተሩ ላይ «ቄስ አድማሱ» የሚል ስም ወጣ።

ጋሽ አህመድ ስሙን አንብበው፣ እኔን አይተው፣ እንደገና አነበቡት። ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ወላሂ ባለቤቴ እንዳትሰማ» አሉ። «ለመሆኑ መቼ ነው የቀደስኩት?»

የግቢው ሰው ለማየት ተሰበሰበ። የጽዳት ሠራተኛችን ጣቷን አሳረፈች፤ አንድ የታወቁ የእስቴ አዛውንት ሆነች። የጥበቃው ሠራተኛ አሳረፈ፤ እሱም እኚያው አዛውንት ሆነ። ሳቁን ሰምተው አቶ ደምሴ ከቢሯቸው ወጡና «እስቲ ልቀቁልኝ» ብለው አውራ ጣታቸውን ጫኑ። አረንጓዴ። «ወይዘሮ የሻረግ፣ ይፋግ።»

ሥራ አስኪያጅ ላይ ቀድሞ የሚስቅ የለም። አቶ ደምሴ መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን ጠጋ ብለው አዩ።

«ቢያንስ አረንጓዴ ነው» አሉ።

«አቶ ደምሴ፣ እርስዎ ወይዘሮ የሻረግ አይደሉም!»

«እሱማ አውቃለሁ።»

«ማንም መጥቶ የማንንም ማዳበሪያ ጭኖ ሊሄድ ነው። እውነተኛዋ ወይዘሮ የሻረግ ሲመጡ ወስደዋል ሊባሉ ነው።»

ያን ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ። ወይዘሮ የሻረግን ያውቋቸዋል፤ ወስደዋል ቢባሉ ምን እንደሚሉ በዓይነ ሕሊናቸው ታያቸው መሰለኝ። «ደውልለት» ብለው ገቡ።

ደወልኩለት። ሄኖክ ነገሩን ሰምቶ «አዎ፣ ጣቱ ካልተመሳሰለ አይቀበልም የሚለውን ትንሽ ላላ አድርጌው ነበር» አለ።

«ላላ? በሩን ነው እኮ ነቅለህ የጣልከው!»

አዲስ ድራይቨር ላከ። ይዤው ይፋግ ወረድኩ፤ የዩኒየኑ መጋዘን ኃላፊ ዘነበችም አብራኝ ነበረች። ዘነበች ቀልጣፋ ናት፤ የቆመ ሰልፍ ስታይ ያማታል። የይፋግ ገበሬዎች ጣታቸውን አሳረፉ፤ ሁሉም በስማቸው ተጠሩ። ያልተመዘገበ ሰው አሳረፈ፤ ቀይ። ትክክል ነው። ዘነበች እፎይ ልትል ስትል ግን ደረሰኝ ማተሚያው ዝም አለ። አጠፋነው፤ አበራነው፤ ገመዱን ነቅለን ሰካነው። ዝም። አዲሱ ድራይቨር ገና ሥራ ሲጀምር የማተሚያውን መስመር ይዞበታል።

በዚህ ጊዜ ያደረግሁትን ብነግራችሁ ትታዘቡኛላችሁ። በደስታ ዘለልኩ። ይሄ እንዳይሆን ብዬ የፈራሁት ነገር ነው፤ ዕቅዱ ላይ ይጨመር ብዬ ስጮህ ማንም ያልሰማኝ ነገር ነው፤ ይኸው ሆነ! «አላልኩም!» እያልኩ ማተሚያውን በእጄ መታ መታ አደረግሁት።

ዘነበች ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ። «ዕቃ ተበላሸ ብሎ የሚጨፍር ሰው ዛሬ አየሁ» አለች። ሰልፉ ላይ የነበሩ አንድ ሰውም ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው «ይሄ ልጅ ጠበል ቢሞክር» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ።

ሌላ ድራይቨር መጣ። ማተሚያው አተመ፤ ይፋግ ደህና ሆነ። ቀረ ጉና። አቶ ደምሴ «የጉና ሰዎች ደብረ ታቦር ለገበያ ሲመጡ እዚሁ ፈትሽ» አሉኝ። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ነገሩ እልህ ሆኖብኛል። ደብረ ታቦር ገበያ ላይ የቆመ የጉና ጣት ፀሐይ የመታው፣ የተፍታታ ጣት ነው። እኔ የምፈልገው ሜዳው ላይ ያለውን፣ የቀዘቀዘውን ነው። ፊርማዬን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ አሸነፍኩ፤ ማሸነፌንም ወዲያው ተጸጸትኩበት።

ጋሽ መልካሙ በጋሳይ አድርገው እስከ ክምር ድንጋይ ወሰዱኝ። መንገድ ላይ ላፕቶፔን በዓይናቸው እየጠቆሙ «ዛሬስ ሁለት ሾፌር ነን» ይላሉ፤ ጉድጓድ ባለፉ ቁጥር ደግሞ «እስቲ ያንተኛው እንዲህ ያልፋታል?» ይሉኛል። መኪና ከማይደርስበት ላይ በቅሎ ተከራየን። ላፕቶፑ በጋቢ ተጠቅልሎ በቅሎዋ ላይ ተቀመጠ፤ እኔ በእግሬ ተከተልኩ። ነፋሱ ጃኬቴን አልፎ፣ ሹራቤን አልፎ፣ ከአጥንቴ ጋር ይነጋገራል። አፍንጫዬ መኖሩን በእጄ እየነካሁ አረጋግጣለሁ።

ቀበሌው ጋ ስንደርስ ሜዳው በሰው ተሞልቷል። ከዩኒየኑ ሰው ይመጣል የተባለው ወሬ መንገድ ላይ አድጎ ማዳበሪያ ይመጣል ሆኗል። ሰው በቅሎውን፣ አህያውን፣ ገመዱን፣ ጆንያውን ይዞ ከየሸንተረሩ ወርዷል። እኔ ደግሞ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ነገር ይዤ ብቅ አልኩ።

ወፍራም ጥቁር በርኖስ የለበሱ እናት ወደ ፊት መጡ። እማማ ስንዱ ይባላሉ። ቁመታቸው አጭር ነው፤ ድምፃቸው ግን ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል።

«ማዳበሪያው የታለ ልጄ?»

«አልመጣም እማማ። ገና ነው።»

«ታዲያ በበቅሎ የጫንኸው ምንድን ነው?»

«መሣሪያ ነው። ጣታችሁን ለማየት ነው የመጣሁት።»

«ጣት ለማየት?» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ሰምታችኋል? ደብረ ታቦር ጣት ጠፍቶ ነው!»

ሰዉ አጉረመረመ። አንዱ ጎልማሳ ባዶ አህያውን እያሳየኝ ስንት መንገድ እንደመጣ ጠየቀኝ፤ መልስ ግን አልፈለገም። እውነቱን ነው። አምና ባዶ የመለስነው ሰው፣ ዘንድሮም ዘሩን አዘጋጅቶ ሰማይ ሰማይ የሚያይ ሰው፣ እኔን አይቶ ምን ይበል? ዛሬ ጣታችሁ ካልተፈተሸ ማዳበሪያው በመጣ ቀን እንደ አምናው እንደምትመለሱ ስላወቅሁ ነው የመጣሁት፤ የሚበላሽም ከሆነ ዛሬ ቢበላሽ ነው የሚሻለው አልኩ። ከልቤ ነው የተናገርኩት፤ ጥርሴ ግን እየተንቀጫቀጨ ግማሹን በላብኝ።

እማማ ስንዱ አዘኑልኝ መሰለኝ። «በሉ ስጡት ጣቱን» አሉ። «ይሄ ልጅ ሳይሞትብን ይሂድ።»

ሌላ መከራ መጣ። የጉና ሰው ደግ ነው፤ መሣሪያዋ የቀዘቀዘ ጣት አትወድም ሲባል አምና ሰምቷል። ስለዚህ ተራው ሳይደርስ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ያሞቃል፤ እፍ ይላል፤ ያሻሻል። እንዲህ ከሆነ ደግሞ እኔ ጉና ድረስ የወጣሁት ለምንድን ነው?

«አታሙቁ!» ብዬ ጮህኩ። «እጃችሁን አውጡ! እንደቀዘቀዘ ነው የምፈልገው!»

«በዚህ ብርድ አታሙቁ ይላል?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ምን ዓይነት ክፋት ነው?» አለ ሌላው።

ብቻ እጃቸውን አወጡ። ለነፋስ ሰጥተው ተሰለፉ፤ እኔም የሰው እጅ እየዳበስኩ «ያንተ ሞቋል፣ ትንሽ ቁም» የምል ጨካኝ ሆንኩ። የመጀመሪያው ሰው አሳረፈ። አረንጓዴ! ትክክለኛ ስሙ! ሁለተኛው አረንጓዴ። ያ ባለ አህያው ጎልማሳ አረንጓዴ። የስሙን መጠራት ሲሰማ ኩርፊያው ለቀቀውና ለመሣሪያዋ እጅ ነሳ። ጋሽ መልካሙ ከበቅሎዋ አጠገብ ቆመው «በርታ የኔ ባልደረባ!» እያሉ ያንን ድራይቨር ያበረታታሉ።

እማማ ስንዱ ግን ቀይ ሆኑ። ግራ ጣታቸውን ሰጡ፤ ቀይ። ሌባ ጣታቸውን፣ ቀይ። እጃቸውን ይዤ አየሁት። ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት እጅ ነው፤ መስመር የሚባል ነገር አልቀረበትም፤ የወንዝ ጠጠር ሆኗል። ለዚህ ሄኖክ የሚያስተካክለው ነገር እንደሌለ ገባኝ። የፍተሻ ዕቅዱን አገላበጥኩ። ጣቱ ፈጽሞ ካልተነበበ ሰውየው ምን ይሁን የሚል ነገር የለበትም። እኔም ራሴ፣ ያን ሁሉ ሳብጠለጥል፣ አላሰብኩትም ነበር።

«እማማ ስንዱን የሚያውቃቸው አለ?» ብዬ ጠየቅሁ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የማያውቃቸው የለም። ግማሹ ዘመዳቸው ነው፤ ሌላውን ሲወለድ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። ባለ አህያው ጎልማሳ ሳይቀር «እኔን ገርፈው ያሳደጉኝ እኮ ናቸው» አለ።

እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በደነዘዘ ጣቴ ዕቅዱ ላይ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ ጣቱ ያልተነበበ ሰው በጎረቤቶቹ ምስክርነት ይቀበል። ሄኖክ ሲሰማ «ይሄ የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም» አለ። አቶ ደምሴ ዳመናውን አይተው «ማንም ይመስክር ብቻ ፈርምልኝ» አሉ። ፈረምኩ። እጄ ያን ቀን እንደቀለለው ቀልሎት አያውቅም።

የማከፋፈያው ቀን ጋሳይ መጋዘን ደረስን። በአንደኛው በር እኔና መሣሪያዬ፣ በሌላኛው በር ዘነበች ከሌላ ኮምፒውተር ጋር፤ የምስክሩን ሰልፍ እሷ ትመዘግባለች። መሣሪያዋ እንደዚያን ቀን አምራ አታውቅም። ጣት ሲያርፍባት አረንጓዴ፣ ስም፣ ደረሰኝ። ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ ሰልፌ መቅጠን ጀመረ።

በዘነበች በር ያለው ሰልፍ ግን ሳቅና ጫጫታ ነው። «እሱን አውቀዋለሁ፤ የገብስ ማሳችን ይዋሰናል፤ በየዓመቱ ድንበር ይገፋል፤ ግን እሱ ራሱ ነው» ይላል አንዱ። «እሷን አውቃታለሁ፤ እኔን እንቢ ብላ ነው ያንን ያገባችው» ይላል ሌላው። ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ ዘነበች እየሳቀች ትጽፋለች። ከእኔ ሰልፍ አንድ ሰው ወደዚያ አየ፤ አንድ እግሩን አነሳ፤ ሄደ። ሌላው ተከተለው።

«የት ትሄዳላችሁ?» አልኩ። «ያንተ እኮ ይነበባል!»

«ሰው እያለልኝ ከዕቃ ጋር ምን አፋጠጠኝ?» አለኝ።

ቀትር ላይ ብቻዬን ቀረሁ። አቶ ደምሴ መጥተው ባዶውን በሬን ሲያዩ ደነገጡ።

«ተበላሸች?»

«አልተበላሸችም።»

«ቀይ አለች?»

«አንድም ጊዜ አላለችም።»

«ታዲያ ሰዉ የታለ?»

በአገጬ አሳየኋቸው። አቶ ደምሴ ጫጫታውን ሲሰሙ ትንሽ ቆዩና ወደዚያው ሄዱ። እሳቸውም ሲመሰክሩ ሰማኋቸው።

ወደ አመሻሹ ላይ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። ባዶ በቅሎ የነዳ ሰው አልነበረም። ጉና ላይ ያንዣበበው ዳመና ጋሳይ ደረሰና የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን ይመቱ ጀመር። እማማ ስንዱ በቅሏቸውን ጭነው፣ ላስቲክ አልብሰው፣ በዘነበች በር በኩል ወጡ። ሊሄዱ ሲሉ እኔን አዩኝ። ክዳኑ ሥር ተቀምጬ መሣሪያዋን በመሀረብ እጠርጋለሁ። ቆም አሉ፤ የበቅሎዋን ልጓም ለጎረቤታቸው ሰጡና ወደ እኔ መጡ።

«ብቻህን ቀረህ ልጄ?»

«ምን ላድርግ እማማ።»

«እንዲያ ለፍተህ ለፍተህ!» አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። በርኖሳቸውን ገለጥ አድርገው፣ ጆንያ ሲያነሱ የሞቀውን አውራ ጣታቸውን ለኔ ሲሉ መሣሪያዋ ላይ አሳረፉት።

አረንጓዴ አበራች። «ወይዘሮ ስንዱ» የሚለው ስም ፏ ብሎ ወጣ።

ተነስቼ ጮህኩ። «አወቀችዎት እማማ! አወቀችዎት!»

«አወቀችኝ?» ፊታቸው በራ። ጎንበስ ብለው መብራቷን አዩ። «በል እንግዲህ ካወቀችኝ አንድ ጆንያ ጨምርልኝ።»

ስክሪኑን አየሁ። ዘነበች ጠዋት ነው የመዘገበቻቸው። «አይ እማማ፣ ድርሻዎን ወስደዋል ትላለች።»

እማማ ስንዱ ቀና አሉ። በርኖሳቸውን ሰብስበው ወደ በቅሏቸው እየሄዱ፣ ዝናቡ እየመታቸው፣ ለጎረቤታቸው ሲነግሩ ሰማኋቸው።

«ማወቁንስ አውቃኛለች፤ ግን ቆንቋና ናት።»